«ምክንያት» የሚለው መስመር

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 2/1976። ጧት 2 ሰዓት
የባልዲው ውኃ ዛሬም በረዶ ሆኗል። በዘነዘና ሰበርኩት። ልጄ ወይንሸት ከአዳር ተረኝነት ገና አልገባችም። ሱፍ እፈትላለሁ። ጣቴ ደንዝዟል፣ ክሩ ይጎረብጣል።
ጋሽ ሰይድ፣ ሸማኔው፣ ፈትል ሊወስድ መጣ። በደ/ብርሃን ዶክተር ወልዳ እንዝርት የምታሾር እኔ ብቻ ነኝ ይላል። ልጅሽ ለጣትሽ መድኃኒት የላትም ወይ? መድኃኒቱ ሥራ መፍታት ነው ብላኛለች አልኩት። «እንግዲያው ለኔም ትዘዝልኝ» ብሎ ሳቀ። አንዱን ልቃቂት ግን ጎርባጣ ነው ብሎ መለሰው።

4 ሰዓት
ገባች። ደብዳቤ ይዛለች። ሁለት ዓመት ተኩል በሆ/ሉ ድንገተኛ ክፍል ስለሠራች ስፔሻሊስት ለመሆን እንድትማር ተፈቅዶላታል። ቀዶ ጥገና ወይም የሕፃናት ሕክምና፣ ራሷ ትመርጣለች። ቅጹ እስከ ዓርብ ይመለሳል። ሽሮዋን በልታ፣ ደብዳቤውን ትራሷ ሥር አድርጋ ተኛች።

ማክሰኞ፣ 3
ስለ ሕፃናት ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል። አፍንጫዋ ውስጥ ባቄላ የከተተች ልጅ መጥታ ነበር። ባቄላው ሲወጣ ልጅቷ መልሺልኝ ብላ እንዴት እንዳለቀሰች እያስመሰለች አሳየችኝ። ሳቅን። ሕፃን ሲያመው አይደብቅም፣ አዋቂ ነው የሚደብቀው ትላለች።
ሽንኩርት እልጥ ነበር። ቀና አላልኩም።
ሕፃናትን ትመርጣለች። ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ፣ 4። ከሰዓት 10
ከአገራችን ከጎረቤላ ወዲያ አንድ ሰው በቃሬዛ መጣ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ። አንጀቱ ታጥፏል። ሚስቱ ኮሶው ነው የተነሣበት ብላ፣ ኮሶ ደቁሳ ሁለት ዋንጫ አጠጥታዋለች። እዚህ ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ሐኪም የለም። በአምቡላንስ ወደ አ/አ ተላከ፣ ወንድሙ አብሮ ሄደ። ለሚስትየዋ ቦታ አልነበረም።
ወይኒ ይህን ስትነግረኝ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። «በተነፋ ሆድ ላይ ኮሶ፣ እማዬ። አንቺ ነሽ የገደልሽው አልኳት» አለችኝ። በሰው ሁሉ ፊት።
ከዚያ ቅጹን አወጣች። ቆማ ሞላችው። ፊቷን ልትታጠብ ወጣች።
አነበብኩት። ንባብ ማንም አላስተማረኝም፤ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ፊደል በፊደል የለቀምኩት ነው። ዛሬ ባልለቀምኩት አልኩ።
ምርጫ፦ ቀዶ ጥገና።
ምክንያት፦ አባቴ ተሸካሚ ዘግይቶበት፣ የሚቀድደው ሐኪም አጥቶ መንገድ ላይ ስለ ሞተ።
ደብተሬ፣ ይህ ቃል የእኔ ነው። ስድስት ዓመቷ ሳለ የነገርኳት።

ሐሙስ፣ 5። ጧት
ደብተሬ፣ ላንተም ጽፌው አላውቅም።
ታኅሣሥ ነበር፣ የአውድማ ጊዜ። ባሌን ተፈራን ሆዱን ቆረጠው። ኮሶ ከጠጣ ሁለት ወር አልፎት ነበርና ያው ኮሶው ነው አልኩ። በማግሥቱ ሆዱ ተነፋ። ወንድሙ አያ ደምሴ ከአውድማው ሮጦ መጣ። ቃሬዛ ልሥራ፣ ደ/ብርሃን እናድርሰው አለ። መጀመሪያ ኮሶውን ይጠጣ፣ ነገ ይሻለዋል፣ አንተ ሂድና ነዶህን ውቃ አልኩት። የመለስኩት እኔ ነኝ።
ተፈራ አንድ ዋንጫ ጠጣ። አስመለሰው። ሌላ በጠበጥኩ። አፍንጫውን ይዞ ጠጣልኝ።
በሦስተኛው ቀን ተሸከሙት። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ ሞተ።
ለቅሶው ላይ ሰው ሲጠይቀኝ ተሸካሚ ዘገየብኝ አልኩ። አያ ደምሴ እዚያው ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ዝም እንዳለ ነው። ወይኒ ያዘገየው እሱ ነው ብላ አጎቷን ሰላም አትለውም።
ብነግራት ትጠላኛለች። ባልነግራት ሕፃናቱን ትታ፣ በእኔ ውሸት ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትቀድ ልትኖር ነው። ነገ ዓርብ ነው።
እንዝርቱ ሦስት ጊዜ ከእጄ ወደቀ።

11 ሰዓት ተኩል
ነገርኳት። ጫማዋን ስታወልቅ፣ ቆሜ።
አላለቀሰችም። እንደ በሽተኛ ጠየቀችኝ። ቁርጠቱ በስንት ሰዓት ጀመረ? መቼ ተነፋ? አየር ይወጣው ነበር? ስንት ዋንጫ? ሁሉንም መለስኩ። አንዱም አልጠፋኝም።
በመጀመሪያው ቀን ቢመጣ ቢላም ላያስፈልገው ይችል ነበር አለች። በታች በኩል የላስቲክ ቱቦ ገብቶ አየሩ ሲወጣ አንጀቱ የሚፈታበት ጊዜ አለ። እሷም ሠርታው ታውቃለች፤ የትናንቱ ሰውዬ ግን ጊዜው አልፎበት ነበር። ደግሞም ኮሶውን ባይጠጣ እንኳ ሊሞት ይችል ነበር። አላውቅም አለች። ማንም አያውቅም።
ከዚያ የአያ ደምሴን ነገር ነገርኳት። ያወለቀችውን ጫማ መልሳ አደረገች። ወጣች።

ዓርብ፣ 6። ጧት 1 ሰዓት
ትናንት ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። አንዲት ሴት ይዛ። አበበች ትባላለች፤ የዚያ በቃሬዛ የመጣው ሰው ሚስት። በዚህ ብርድ በሆ/ሉ አጥር ሥር ተቀምጣ ነበር የከረመችው። ወይኒ «እማዬ፣ እሷን አሙቂልኝ» ብቻ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።
አጥሚት ሰጠኋት። አልጠጣም አለች። «ዶክተሯ ገደልሽው ብላኛለች። ለገዳይ አጥሚት ይሠራለታል እንዴ፣ እትዬ?»
«እኔም ለባሌ ኮሶ ሰጥቻለሁ» አልኳት።
ዞራ አየችኝ። «ስንት ዋንጫ?»
«ሁለት።»
«እኔም ሁለት» አለች። አጥሚቱን አንስታ ጠጣች።

6 ሰዓት
በሆ/ሉ ስልክ ወሬ መጣ። የአበበች ባል ቀዶ ጥገናው ተደርጎለታል። ነፍሱ አለች፤ ይድናል ግን አላሉም። ወይኒ ራሷ ነገረቻት። የረቡዕ ንግግሯን ይቅር እንድትላትም ለመነቻት። አበበች የወይኒን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

9 ሰዓት
ስርዝ ያለበት ቅጽ አይቀበሉም። ወይኒ ጸሐፊውን ለምና አዲስ አመጣች። ለእኔ ዘረጋችልኝ። የእሷን ጽሕፈት ከመድኃኒት ቤት በቀር የሚያነበው የለም፣ አንቺ ጻፊው አለች። ሃያ ሁለት ዓመት ለፈተልኩት ውሸት ይኸው ቅጣቱ ብዬ ብዕሩን ያዝኩ።
ምርጫ፦ የሕፃናት ሕክምና።
ምክንያት ላይ ቆመች። «አባቴ» አለች። ጠበቅኩ። «ተይው። ሕፃናት ማከም ስለምወድ በይ።»
እሱኑ ጻፍኩ። ትልልቅ ፊደል ነው፣ ከመስመር ትንሽ ወጥቷል። ፈረመች።
ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኳት። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች፦ «ለአያ ደምሴስ ማን ይነግረዋል?»

ቅዳሜ፣ 7። ጧት 12 ሰዓት ተኩል
ጎረቤላ እሄዳለሁ። ስንቅ ቋጥሬያለሁ። ለጋሽ ሰይድ ሰኞ ፈትል እንደማይኖር ነግሬዋለሁ። አበበች ወሬ እየጠበቀች እዚሁ ትቆያለች፤ እሳቱን ለእሷ ትቻለሁ።
አያ ደምሴን አውድማው ላይ አገኘዋለሁ፣ ይህ ጊዜው ነው። ሰው ተሰብስቦ እያለ እናገራለሁ። በሰው ፊት ነው የዋሸሁበት።
ወይኒ ጋቢዬን ይዛ በር ላይ ቆማለች። የእሷም ጫማ ታስሯል። ፈቃድ ወስጃለሁ አለች።
አፌ እንዳይያዝ የምለውን ጽፌ ልሂድ፦ አያ ደምሴ፣ ተሸካሚ አልዘገየም። ቃሬዛ ልሥራ ብለኸኝ የመለስኩህ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚያው ስደርስ እላለሁ፤ ወይኒ እንሂድ አለች።