ገደል አፋፍ ላይ ያልሰማሁት ጥያቄህ

ውድ ኤሜት፣

የፖስታውን ጀርባ አይተህ «ያቺ ተሳዳቢ ደግሞ ዛሬ ምን ፈለገች?» እንደምትል አውቃለሁ። ቁጭ በልና አንብበው።

ፊልማችን ተገኘ። ሁሉም አይደለም፤ ከአሥራ አምስቱ ክፍሎች አሥራ አራቱ ተቃጥለውም ተበላሽተውም ጠፍተዋል። በአንድ ገበሬ ዶሮ ቤት ውስጥ የተገኘው ዘጠነኛው ብቻ ነው፤ ፎርት ሊ ገደል ላይ ተንጠልጥዬ አንተ ወንበዴውን ሆነህ ጣቶቼን የምትረግጥበት። ባለፈው ማክሰኞ ፊልሙን የወሰዱት የሙዚየም ሰዎች ሊያሳዩኝ ሲጠሩኝ ጎረቤቴን ኮርዴሊያን ይዤ ሄድኩ። ኮርዴሊያ ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም፤ የሰው ከንፈር እያየች ነው የምትግባባው።

መቼም አትረሳውም፣ ፊልሙ ድምፅ ስለሌለው ካሜራ ፊት አፋችን ያመጣልንን ነበር የምንለው። አንተ ፊትህን አጥቁረህ ስለ ምሳ ታወራለህ፤ እኔ እያለቀስኩ እሰድብሃለሁ። ያን ቀን ደግሞ ነፋሱ ይጮሃል፣ ለማስለቀስ የተቀጠሩት ሙዚቀኞች ይነፋሉ፣ ዳይሬክተራችን «ፍሪ እንጂ! ሽርሽር የመጣሽ መሰለሽ?» ይላል። አንተን ማን ሰምቶ!

ፊልሙ ሳያልቅ ኮርዴሊያ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«አንቺ፣ ይሄ ክፉ ሰውዬ እኮ ‹ሂልዳ፣ እወድሻለሁ፤ ታገቢኛለሽ?› ነው የሚልሽ!»

«ሂጂ እንግዲህ! እኔስ ምን አልኩት?»

እንደዚያ ስትቀላ አይቻት አላውቅም። «‹አንተ ደደብ አህያ፣ ካይኔ ጥፋ!› አልሽው።»

በቀረጻው ማግስት ሳትሰናበተኝ ካሊፎርኒያ የገባኸው ለዚህ ነበር? በአንተ ቦታ እኮ ጺም የለጠፉለት አናጢ ነው የተተካልን! እኔ ደግሞ እዚያ ደመወዝ ቢጨምሩለት ጥሎን ሄደ እያልኩ አርባ ሁለት ዓመት ሳማህ ኖርኩ። ኤሜት፣ ስድቡ የአንተ አልነበረም፤ የወንበዴው ነበር። አንተስ ብትሆን፣ ሰው ጣቷን እየረገጠ ሴት ያጫል?

እኔም እወድህ ነበር። ይኸው ተናገርኩት። ያኔ ሰምቼህ ቢሆን ድንጋዩን ለቅቄ አንገትህ ላይ እጠመጠም ነበር፤ ሁለታችንንም ከገደሉ ሥር ካለው ከሃድሰን ወንዝ ያወጡን ነበር።

እኔ ሁለት ባል ቀብሬያለሁ። አንተም ሚስትህን እንዳጣህ ሰማሁ፤ ነፍሷን ይማር። በመጪው ወር የመጀመሪያው እሑድ ፊልሙን ለሕዝብ ያሳያሉ። ና። አጠገቤ ተቀመጥና ጥያቄህን ድገመው፤ ጮክ በል ታዲያ፣ ጆሮዬ አርጅቷል። ደግሞ ዳግመኛ እንዳንተላለፍ መልሴን ከወዲሁ በጽሑፍ ያዘው፦ አዎ።

አክባሪህና ሰዳቢህ፣
ሂልዳ