ቅቤ የጠጣው ጃኬት

ይድረስ ለወንድሜ ለሙንዚር፣ ኢስታንቡል፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ አገሩ፣ ብቻህን መብላቱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን ልልህ ነበር፤ ግን ደህና አይደለንም። ስልኬን አላነሳ ስላልክ ይህን በጎረቤታችን ልጅ በኑርሁሴን እጅ ልኬልሃለሁ። አንብበህ ሳትጨርስ ከፊትህ እንዳይነሳ አደራ ብዬዋለሁ።

ለአረፋ በቪዲዮ ስትደውል አባባን በአሮጌ ኮታቸው ስላየሃቸው፣ የላክላቸውን የቆዳ ጃኬት ንቀውታል ብለህ ተቀየምክ። ካልወደዱት ለሰው ይስጡት ብለህ ስልኩን ዘጋህ። ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፅህ የለም። እሳቸው ደግሞ እውነቱን እንዳልነግርህ ወላሂ አስብለውኛል። ዛሬ መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ሦስት ቀን እጾምበታለሁ፣ ከእናንተ ኩርፊያ ጾሙ ይቀለኛል።

እውነቱ ይህ ነው። ጃኬቱ በደረሰ ሳምንት የኮምቦልቻ ሙቀት አላስለብስ ቢላቸው፣ አባባ ብርድ ፍለጋ ደሴ ወጡ። ሌላ ጉዳይ አልነበራቸውም። ፒያሳ ከሚኒባስ ሲወርዱ የበሩ ብረት እጅጌውን ይዞ ከክርኑ እስከ አንጓው ተረተረው። በፌስታል ጠቅልለው አመጡና አልጋ ሥር ከተቱት።

ለሰፊ እንስጠው ብንል እምቢ አሉ። ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና በጆንያ መርፌ ራሳቸው ሰፉት። ቆዳ እንደ ጨርቅ አይደለም፣ መርፌ የበሳው ተመልሶ አይገጥምም፤ ቀዳዳው ባሰ። ቀጥሎ በትውልድ አገራቸው በቢስቲማ በልጅነታቸው ለጀንዲ፣ ለመኝታ የሚነጠፍ ቆዳ ሲያለፉ ማደጋቸው ትዝ አላቸው። ጃኬቱን ውኃ ውስጥ ዘፈዘፉት፣ እማማ ያቀለጡላቸውን ቅቤ አጠጡት፣ ከዚያ በእግራቸው ረገጡት። አባባ፣ ይኼ እኮ ፋብሪካ ያለፋው ነው ብላቸው፣ ቆዳን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው ወይ ብለው ተቆጡኝ። ቀለሙ ተላጠ፣ ቤቱ በሙሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። በንዴት ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ከውስጥ በቁራጭ ቆዳ ደግፌ በማስቲሽ እለጥፈዋለሁ፣ ጠዋት ተላቅቆ አገኘዋለሁ። ሦስቴ ለጠፍኩት፣ ሦስቴም ተላቀቀ። ደጉ የሚባለውን ጫማ ሰፊ ጃኬቱ የማን እንደሆነ ሳልናገር ብጠይቀው፣ ቅቤ የጠጣ ቆዳ ማስቲሽ አይቀበልም፣ መጀመሪያ በዱቄት አስመጥጪው አለኝ። ሳምንት ሙሉ ዱቄት ስነሰንስና ስጠርግ ከረምኩ፤ እማማ ደግሞ እህል በከንቱ አለቀ እያሉ ከኋላዬ ያጉረመርማሉ። በመጨረሻ ያዘ። ጥቁር የጫማ ቀለም ቀባሁት፤ ስፌቱ ግን አሁንም ያስታውቃል።

እንግዲህ ይልበሱትና ፎቶ እናንሳዎት ብላቸው፣ “ልጄ ያለበሰኝን ቀድጄ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሙንዚር፣ ሰለቸኝ። እሳቸው አፍረው፣ አንተ ተቀይመህ፣ በአንድ እጅጌ ምክንያት አባትና ልጅ ልትቆራረጡ ነው። እኔ ቆዳ እንጂ ሰው መጠገን አልችልም።

እማማ በየሰላቱ ዱዓ ያደርጉልሃል፣ ሰላምም ብለውሃል። የእኔ ልጅ ሚስኪ አጎቴ መቼ ነው የሚደውለው እያለች ትጠይቃለች። አባባ ሰላምታ አልላኩም። ኑርሁሴን ሊሰናበት ሲመጣ ግን እኔ የማልሰማ መስሏቸው ጠጋ ብለው፣ “እዚያ ይበርዳል አሉ፤ ለራሱስ ጃኬት አለው?” ሲሉት ሰምቻለሁ።

እህትህ ፋኢዛ አብዱልወሀብ
ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.