ከመርፌ በጉንጭ በኩል ማምለጥ

ኅዳር 4

ሥራ ቀዝቀዝ ያለ ቀን። ሦስት ፀጉር፣ ሁለት ጢም። ጎረቤቴ አናጢው ሳይላጭ ቁጭ ብሎ ወሬዬን ብቻ ሰምቶ ሄደ። "ሬዲዮ" የሚል ስም ያወጣልኝ እሱ ነው፤ ሰፈሩም ተቀበለው። ቅር አይለኝም። ዝም የሚል ፀጉር አስተካካይ ማን ያምነዋል?

ማታ ልጄ መጣች። ሆዷ ገፍቷል፣ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። ገና ሳትቀመጥ፣ "አባዬ፣ የትክትክ ክትባት ያልወሰደ ሰው ልጄን አያቅፍም። ሐኪሟ አስጠንቅቃኛለች።"

ባለቤቴ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየቻት። ተከትባለች... ሳትነግረኝ! ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

"ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል" አልኩ።

"ሥራ ሳይሆን መርፌ ነው የበዛብህ" አለች ባለቤቴ።

እውነቷን ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ሳስኬድ የምውል ሰውዬ፣ መርፌ ሳይ ዓይኔ በር ይፈልጋል። ለምን? እኔ ምን አውቄ... ግን የልጅ ልጄን ሳላቅፍ? እሱስ እንዴት ይሆናል?

ኅዳር 7

ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ለባለቤቴ "ሰልፉ አይቻልም" አልኳት።

"እሑድ እኮ ነው። ዝግ ነው" አለችኝ።

እሑድ መሆኑን ረስቼ ነው? ወይስ አስታውሼ ነው የሄድኩት?

ኅዳር 10

ምሥራች! ያመጣው አናጢው ነው። ጤና ጣቢያው የትክትክ ክትባት ያለ መርፌ እየሞከረ ነው። እንደ ፕላስተር ያለች ቁራጭ ጉንጭ ውስጥ ትለጠፋለች፤ መድኃኒቱ በውስጠኛው ስስ ቆዳ በኩል ሰርጎ ይገባል። አለቀ! ፈቃደኛ ሰው ይፈልጋሉ። ሱቁን በቅጡ እንኳ ሳልዘጋ ሮጥኩ።

ነርሷ ወጣት ናት፤ ዓይኗ ግን የሰው ሆድ ያነባል። "ጋሼ፣ ይኼ ሙከራ ነው። ለግማሹ ሰው የሚለጠፈው መድኃኒት የሌለበት ባዶው ነው፤ ለማን የቱ እንደደረሰ እኛም አናውቅም።" እሺ። "ዐሥር ደቂቃ አፍ አይከፈትም። ማውራት የለም፣ በምላስ መነካካት የለም።" እሺ። "ከዚያ ከወር በኋላ ደግሞ..." እሺ፣ እሺ፣ የት ልፈርም?

ከወር በኋላ ምን ነበር ያለችው? ደስታዬ ጆሮዬን ደፍኖታል።

ኅዳር 12

ተለጠፈልኝ። ቅንጣት አያምም። የሚያመው ዝምታው ነው! አናጢው ተከትሎኝ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለና ስለ ትናንቱ ኳስ ያወራ ጀመር። የተሸነፈውን ቡድን አሸነፈ ይላል። ሦስት ግብ ከየት አምጥቶ እንደጨመረ እንጃ። ዓይኔን አፈጠጥኩበት፣ እጄን አወራጨሁ... እሱ ምን ገዶት! ነርሷ ሳቋን ልትደብቅ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ስታነሳልኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "ሁለት ለባዶ ነው የተሸነፈው!" የሚል ነበር።

ማታ ልጄ ደወለች። "ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ዝም አልክ? ማን ቀረጸው?" ከዚያ ግን ኮስተር አለች። "አባዬ፣ መሥራቱ ሳይረጋገጥ አይሆንም።"

የእናቷ ልጅ... ድርቅ ያለች።

ታኅሣሥ 3

ነርሷ ደወለች። "ጋሼ፣ ለደሙ ሰኞ ሳምንት እንጠብቅዎታለን።"

የምን ደም?

"ክትባቱ መሥራቱ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ነግሬዎት ነበር እኮ።"

"በምንድን ነው የምትቀጂው?" አልኳት። "በምን ይመስልዎታል?" አለች። ከዚያ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ከድጡ ወደ ማጡ። ባለቤቴ ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "የፈሩት ይደርሳል" ብላ ተረተችብኝ። የቀረውን ግማሽ ለሳቅ ስትል ተወችው።

ታኅሣሥ 13

ተወጋሁ። ወደቅሁ። ነርሷ ስታጽናናኝ፣ "እርስዎ እንኳን ተወግተው ነው፤ ሳይወጉ የሚወድቁም አሉ" አለችኝ።

ታኅሣሥ 22

ውጤት መጣ። ምንም የለም። ባዶው ደርሶኝ ይሁን፣ እውነተኛው አልሠራ ብሎ... ሙከራው ሳያልቅ አይታወቅም። ነርሷ ዛሬ አልቀለደችብኝም። "አልሠራም ማለትም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፣ ጋሼ። ለሕፃኗ ወይም ለሕፃኑ ከሆነ ግን ያለን የታወቀው መርፌ ነው። አሁን ቢወስዱት ከመወለዱ በፊት ይደርሳል።"

ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ተናደድኩ። አፈርኩም። ይኼን ሁሉ የለፋሁት ለዚህ ነው? ትክትክ የያዘው ሕፃን አይቻለሁ። የጎረቤት ልጅ ነበር፤ ሲስል ትንፋሹ ይጠፋና ከንፈሩ ይጠቁራል። የልጅ ልጄን እኔ ባስይዘውስ? በገዛ አፌ፣ ስስመው?

ተመልሼ ገባሁ። እጅጌዬን ራሴ ጠቀለልኩ።

አልወደቅሁም። ያው... አስተኝተውኝ ነበር።

ጥር 9

ሴት ናት!! አቀፍኳት። ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና "ሬዲዮው ተበላሸ እንዴ?" አለች። የትንሿን ግንባር ሳምኩ። 

የካቲት 23

የትንሿ የመጀመሪያ ክትባት ቀን። አራታችንም ሄድን። መጀመሪያ አፏ ውስጥ ጠብታ አደረጉላት፤ ምላሷን እያወጣች ላሰችው። በአፍ ሲሆን ደስ ይላታል... አያቷን ወጥታለች።

ቀጥሎ መርፌው መጣ። የልጄ ፊት አመድ መሰለ። ያን ያህል ስትስቅብኝ የከረመችው! "አባዬ፣ እኔ አልችልም፤ አንተ ያዝልኝ" ብላ ወጣች። ባለቤቴም "እስቲ እሷን ልይ" ብላ ተከተለቻት። እሷም! እኔና ትንሿ ቀረን።

"ጋሼ፣ ከፈለጉ ፊትዎን ያዙሩ" አለች ነርሷ።

እኔ ፊቴን ባዞር ይቺ ማንን ታያለች? አላዞርኩም። ወሬ ጀመርኩላት። ስለ አናጢው፣ ስለ ኳሱ፣ ስለ ሴት አያቷ ድርቅና። መርፌው ገባ። ጮኸች፣ አንጀቴን በላችው። እኔም ላብ አጠመቀኝ፤ ወሬውን ግን አላቆምኩም። ቆይታ ዝም አለችና አፌን አፌን ታይ ጀመር።

ነርሷ ዕቃዋን እየሰበሰበች፣ "የጉንፋኑን ክትባት ደግሞ በጉንጭ ልንሞክር ነው። ሰው እንፈልጋለን" አለችኝ። "ግን አሁን በደንብ ይስሙኝ፤ ደም ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። የመጀመሪያው ዛሬ ነው።"

ሰማሁ። እያንዳንዷን ቃል። የትንሿን ጭን አየሁት፤ የተወጋችበት ቀልቷል። ነገ ሌላ ሕፃን በዚች ወንበር ላይ በጉንጩ ብቻ ተከትቦ ቢሄድ...

በአንድ ክንዴ ትንሿን ይዣለሁ። ሌላውን ለነርሷ ዘረጋሁላት።