የአማቴ ሻርፕ

ጥቅምት 3
ዛሬ ወደ ፀጉር ቤት ሥራዬ ተመለስኩ። እጄ ካስክ ላይ፣ ልቤ ቤት። አለቃን አማቴ ይዘውት ዋሉ። አለቃ የምለው ልጄን ነው... ከተወለደ ጀምሮ ቤቱን የሚያዘው እሱ ነው። ከንፈሩም ላንቃውም የተሰነጠቀ ስለሆነ ጡት መሳብ አይችልም። ወተቴን አልቤ በሚጨመቅ ጡጦ ነው የምንሰጠው። ቀና አድርጎ፣ አፉን እያዩ፣ ሲውጥ ብቻ ጠብ ማድረግ። ከዚያ ማስገሳት፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ። ለአማቴ ደጋግሜ አሳየኋቸው። ልጅ ማሳደግ ትናንት አልጀመርኩም አሉ።

ጥቅምት 9
ነርሷ መዘነችው። ኪሎው ንቅንቅ አላለም። ኪሎው ካልሞላ ቀዶ ሐኪሙ አይነካውም፣ ቀጠሮው ይገፋል። ይበላል ወይ ስትለኝ አዎ አልኩ። ጡጦውን ባዶ ነው የማገኘው። ታዲያ የት እየገባ ነው?
አፉን ከፈተችው። ስንጥቁ ውስጥ የረጋ ወተት፣ ዙሪያው ቀልቷል። አይጠረግም እንዴ አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አማቴ ቁስል አይነካም ብለው ትተውታል ለካ። ቁስል አይደለም፣ ሲፈጠር ያልገጠመ ነው አልኳቸው።

ጥቅምት 10
ባሌ ለዘመዶቹ የላከውን ፎቶ አየሁ። የአለቃ አፍ በማባበያ ጡጦ ተወትፏል። ልጁ መያዝ አይችልም እኮ! እንዳይወድቅ በጣቱ ደግፎ ነው ያነሳው፣ ጣቱም ይታያል። ስጠይቀው "ሲድን አፉን እናሳያቸዋለን" ይላል። የታመመ ማን አለ? ደሜ ፈላ።

ጥቅምት 14
መብራት ጠፍቶ በጊዜ ተመለስኩ። ጎረቤታችን ሳሎን ተቀምጣለች። አማቴ የሉም። ጓዳ ገባሁ። አማቴ ልጄን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ሻርፗን ከአናቱ እስከ እግሩ አልብሳ፣ ከስር ጡጦውን ትጨምቃለች። ሳታየው! ትን ብሎታል። ሻርፑን ገፈፍኩት። ወተቱ በአፍንጫው፣ በአንገቱ... ለካ ጡጦውን ባዶ የሚያደርገው ሻርፑ ነው።
"ገበናችንን ሰው እንዳያይ ብዬ ነው" አለች። አዎ፣ አለች። ዛሬ አንቱታ የለም።
"ልጅ ገበና ነው እንዴ? አፉን ካላየሽው ሲታነቅ በምን ታውቂያለሽ?" ጮህኩ። ጎረቤቷም ትስማ።
ሰው እንዳይስቅበት ነው አለች። ቢሞት ነው የማይሳቅበት? ይህንንም አልኳት። አልጸጸትም።
ማታ ባሌ እናቴን አስለቀስሻት ብሎ መጣ። ልጁ ሲታነቅ ማን አለቀሰለት?

ጥቅምት 15
ሥራ ቀረሁ። ማንን አምኜ ልሂድ?

ጥቅምት 17
አለቃን ሳበላ አማቴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አፉን ትክ ብለው አዩ። እስከ ዛሬ አይተውት የሚያውቁ አልመሰለኝም። "ወተቱ በዚህ ነው እንዴ የሚያመልጠው?" አሉ። ጡጦውን ሰጠኋቸው። አፉ ላይ አጎንብሰው፣ ሲውጥ ብቻ ጠብ አደረጉለት። አሳዘኑኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም።

ኅዳር 6
ከሥራ ስመለስ አማቴ ወንበር ደጅ አውጥተው፣ አለቃን ቀና አድርገው ያበላሉ። መንገደኛ ያልፋል። ያቺ ጎረቤት ቆማ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ምን ነክቶት ነው አለች።
"ምንም አልነካው። ከንፈር ከምትመጥጪ ያን ጨርቅ አቀብዪኝ" አሏት አማቴ።
ጨርቁን አየሁት። ሻርፑ ነው። በትንንሹ ተቆራርጦ፣ ተቀቅሎ፣ ንጹህ ሳህን ላይ ተደርድሯል። በአንዱ አፉን ቀስ አድርገው ጠረጉለት።
ኪሎው ጨምሯል። ቀጠሮው በቀኑ ነው።
ባሌ ግን ያን ፎቶ እስካሁን በሌላ አልተካውም። ስልኬን አወጣሁ። አለቃ አፉን እስከ ጥግ ከፍቶ ሳቀልኝ፣ ፎቶ አነሳሁት። ለባሌ ዘመዶች በሙሉ ላክሁት። አላስፈቀድኩም።