አበልጄ ገባሁልሽ ያለችኝ ኢንሹራንስ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለአንሰልሞ፣

እንደምን ሰንብተሃል ወንድምዓለም? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? ደረጃ ስትወጣ እንደሚያቃስትህ ባለቤትህ ግራሲንዳ ሹክ ብላኛለች፤ አንተ ግን ሁልጊዜ “ደህና ነኝ” እያልክ ትሸውደኛለህ። ላሞቹስ እንዴት ናቸው? የባሕሩ ነፋስ የገነጠለው የበረቱ ቆርቆሮ ተመልሶ ተመታ ወይ? እኛ ጋ ጤናው አለ፣ ተመስገን ነው። ኤድጋርን ወተት ፋብሪካው ወደ ቀን ፈረቃ አዛውሮልኝ አሁን እንደ ባልና ሚስት አብረን እራት መብላት ጀምረናል። የለውዝ ዛፉ አብቦ መንገዱ ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ እኔን ግን ዘንድሮ አበባውም አላስደሰተኝ።

ባለፈው በስልክ “አበልጅሽ አይደለችም እንዴ? ተያት፣ ገመናችሁን አደባባይ አታውጪው” አልከኝ። ናታሊያ ቀድማኝ ደውላልሃለች፤ ነገሩን የሰማኸው ከእሷ አፍ ነው። አሁን ደግሞ ከእኔ ስማና ከዚያ በኋላ ፍረድ።

የምሠራበት የከብት እርባታ ላሞቹን ሸጦ ቢሮውን ሲዘጋ ምን ያህል ተስፋ ቆርጬ እንደነበር ታውቃለህ። ያኔ ያነሳችኝ እሷ ናት፤ ይህን አልክድም። “ሊንዳ፣ አንቺ እኮ እጅሽ የጸዳ ነው፣ ሽማግሌም ሕፃንም ያምንሻል፤ ቤት ቁጭ ብለሽ ግድግዳ ልትቆጥሪ ነው?” ብላ ለሰነድ አረጋጋጭነት ትምህርት አስመዘገበችኝ። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ ቃለ መሐላ ፈጸምኩ፣ ማህተሜን ተቀበልኩ። ከዚያም እሷ ለአበዳሪዎች አስፈራሚ በምትልክበት ቢሮዋ በኩል የቤት ብድር ማስፈረም ጀመርኩ። ሰው ቤቱን አስይዞ ሲበደር እኔ ወረቀቱን ይዤ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ፤ መታወቂያውን አያለሁ፣ የሚፈርምበትን ቦታ አሳየዋለሁ፣ ማህተሜን አሳርፌ እመልሳለሁ። እንዲህ ቀላል ይመስላል እንጂ አንዲት ገጽ ብትጎድል የሰው ቤት ይናጋል።

ለዚህ ነው አበዳሪዎቹ ኢንሹራንስ የሌለውን ሰው የማይልኩት። መንግሥት የሚያስገባን ዋስትና አለ፤ እሱ ግን ለሕዝቡ እንጂ ለእኔ አይደለም። ዋስ የሆነው ድርጅት ለተጎዳው ሰው ይከፍልና ዞሮ ከእኔ ኪስ ይቀበላል። እኔን የሚጠብቀኝ ሌላው ነው፤ በሥራ ላይ ስህተት ቢደርስ የሚከፍለው የሙያ ኢንሹራንስ። ናታሊያም “እሱን ለእኔ ተዪው፤ የሁላችሁንም በቢሮዬ ስር አንድ ላይ ገብቼላችኋለሁ። ከደሞዝሽ ቆርጬ እከፍላለሁ፤ አንቺ ማህተምሽን ይዘሽ ነይ” አለችኝ። የልጄን የክላሪስን ክርስትና ያነሳችን ሴት፣ በእናታችን ቀብር ላይ ደግፋ የያዘችኝን ሴት፣ እስቲ ደረሰኙን አሳዪኝ ይባላል ወንድሜ?

ባለፈው መኸር ሽማግሌውን ጁቬናልንና ሚስታቸውን ኦዴትን አስፈረምኩ። ታስታውሳቸዋለህ፣ በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሾርባውን የሚቀቅሉት ጁቬናል ናቸው። ጣራቸው እያፈሰሰ ስለነበር ነው የተበደሩት። ፈርመው ሲጨርሱ ኦዴት ጣፋጭ ዳቦ ቆርሰው ካላበላሁሽ አትሄጂም አሉኝ። ወረቀቱን በማግስቱ ለናታሊያ ቢሮ አስረከብኩ። ባንኩ ጋ ሲደርስ ግን አንድ ገጽ ጎደለ። ከእኔ ቦርሳ ይውደቅ ወይም ከእሷ ጠረጴዛ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እስኪፈለግና እንደገና እስኪፈረም ድረስ የተቆረጠላቸው ዝቅተኛ ወለድ ቀኑ አለፈበት፤ ወለዱም ሰማይ ወጣ። ልጃቸው ጠበቃ ያዘ። የጠበቃው ደብዳቤም ማህተሙ የእኔ ነውና ለእኔ መጣ።

እመነኝ፣ ያን ቀን አልደነገጥኩም። ኤድጋርንም “ለዚህ አይደል ኢንሹራንስ የተገባው” ብዬ አጽናናሁት። ኢንሹራንስ ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ስሜን ፊደል በፊደል አስቆጠረችኝ፣ ፈለገች፣ ደግማ ፈለገች። በመጨረሻ “እማማ፣ እርስዎ እኛ ጋ የሉም፤ ኖረውም አያውቁም” አለችኝ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ናታሊያ ለአበዳሪዎቹ በየዓመቱ የምትልከው የራሷን የኢንሹራንስ ማስረጃ ነበር፤ በእሷ ስም ቦታ የእኔን እየለጠፈች።

በቀጥታ ወደ ቢሮዋ ሄድኩ። ስታየኝ ፊቴን አንብባ በሩን ዘጋች። “ናታሊያ፣ ኢንሹራንሴ የት አለ?” አልኳት። መጀመሪያ “የኮምፒውተር ስህተት ይሆናል” አለች። ቀጥላ “የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያሽን፣ ሥራው ቀዝቅዞብኝ የቢሮ ኪራይ ከፈልኩበት፤ ልተካው ስል ዓመቱ አለቀ፤ ከዚያ በኋላማ ምንም አልተፈጠረም ብዬ ተውኩት” ብላ አለቀሰች። እኔም እንባዬ መጣ፤ አቅፌያት ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያኔ ነው እንባዋን ጠርጋ እንዲህ ያለችኝ፦ “ሊንዳዬ፣ ለጠበቃው ‘የኢንሹራንሱን ክፍያ ራሴ ረስቼ አሳለፍኩት’ በይው። ለአንቺ ተራ መዘንጋት ነው፤ ለእኔ ግን እስር ቤት ነው።” አንሰልሞ፣ ገንዘቡን ብትወስድ በይቅርታ ባለፍኩ። ስሜን ግን ለራሷ ጋሻ ልታደርገው አስባ ነበር። “እኔ አንቺን ማመኔ ነው እንግዲህ መዘንጋቴ?” ብያት ወጣሁ።

ለአንተ የደወለችው በዚያው ሰሞን ነው። አንተም ሳትጠይቀኝ ፈረድክ። ከእሷ ክፋት ይልቅ ያንተ “ተያት” ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ቤት ሄድኩ። ከኋላዬ ምንም ኢንሹራንስ እንደሌለ፣ ራሴም ሳላውቅ ባዶ እጄን ቤታቸው ገብቼ እንዳስፈረምኳቸው ነገርኳቸው። ጁቬናልም፦ “ልጄ፣ እኛ ባንኩን አናውቀውም፤ አንቺን አይተን ነው የፈረምነው” አሉኝ። ከስድብ ሁሉ የባሰ ነበር። ኦዴት እስከ በሩ ሸኙኝ፤ ዳቦ ግን አልቆረሱም። ከልጃቸው ጋር ተስማምተን መኪናዬን ሸጬ የጎደለባቸውን ሞላሁ።

ለአበዳሪዎቹም፣ ለመንግሥት ቢሮውም እውነቱን ጻፍኩ። ይህን ሳደርግ የራሴን እንጀራ እየዘጋሁ እንደሆነ አውቅ ነበር። ኢንሹራንስ ሳይኖራት የሠራች ሴት ተብዬ ሁሉም ስሜን ሰረዙ። የናታሊያ ቢሮ ተዘጋ፤ ምርመራው ገና አላለቀም። በአዳራሹ ግብዣ እኔ የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ሰው አይቀርበውም፤ “አበልጇን የከሰሰች” ይሉኛል። ክላሪስም “እማዬ፣ የክርስትና እናቴን አዋረድሻት” ብላ ስንት ሳምንት አኮረፈችኝ። በኋላ ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ስነግራት እያለቀሰች “ታዲያ እኔን ስታቅፈኝስ እየዋሸች ነበር?” አለችኝ። 

አሁን በራሴ ስም፣ በራሴ እጅ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ። አበዳሪዎቹ የሚጠይቁትን ከወንጀል ነፃ የመሆን ማጣሪያም እንደ አዲስ አልፌያለሁ። ሌላ ከተማ ያለ አንድ ትንሽ ቢሮ አንድ ባልና ሚስት ጋ ልኮኝ ነበር፤ የኤድጋርን አሮጌ ፒክአፕ ነድቼ ሄጄ አስፈረምኳቸው። ገጾቹን ደጋግሜ ስቆጥር ሚስትየዋ “ጀማሪ ነሽ እንዴ?” ብላ ሳቀችብኝ። አዎን አልኳት።

ለግራሲንዳ ናፍቆቴ ይድረሳት፤ የላከችው አይብ በደህና ገብቷል። ልጅህን ቲያጎን ትምህርቱን እንዳይተው ምከርልኝ። ትንሿን ኢነስን ጉንጯን ሳምልኝ። ለአክስታችን ለሚካኤላም ጸሎቷ አይለየኝ በልልኝ።

ናታሊያ ምርመራው ከፈቀደላት ለበጋው በዓል እናንተ ወዳላችሁበት ደሴት፣ ወደ እናቷ ቤት ትመጣለች ይባላል። ደጅህን ማንኳኳቷ አይቀርም። አትዝጋባት፤ አስገባት፣ ሾርባውንም ቅዳላት፤ በረሃብና በብርድ እንድትቀጣልኝ አልፈልግም። ነገር ግን እኔን ወክለህ “ሊንዳ ይቅር ብላሻለች” እንዳትላት አደራህን። እስከ ዛሬ በእኔ ስም የተናገረልኝ ሰው ይበቃኛል።

ተርሎክ፣ ካሊፎርኒያ
ማርች 3 ቀን 2019
እህትህ ዲዮሊንዳ