የሐሙስ ገበያችን ማክሰኞ ስለሆነበት ምክንያት

ለክቡር የሐሮ ጉዶ ገበያ ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ እርስዎ አንድ ቀን ቢታመሙ ገበያችንን ማን ያሻሽልልናል ብዬ ከልቤ እሰጋለሁ። እኔ ከቆላ ለሚመጡ ከብት ነጋዴዎች በረት የማከራይ ፋኢዛ ቃሲም ነኝ።

አንደኛ፣ ከአያቶቻችን ጀምሮ ሐሙስ ይቆም የነበረውን የከብት ገበያ ለእድገታችን ሲሉ ወደ ማክሰኞ ስላዛወሩልን አመሰግናለሁ። ማስታወቂያውንም በቢሮዎ በር ላይ ለጥፈውልናል። የሦስት ቀን መንገድ የሚጓዙት አፋሮች መጥተው ያላነበቡት ለምን እንደሆነ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ሐሙስ ሰዎቹ ከብቶቻቸውን እየነዱ ሲደርሱ ሜዳው በገመድ ታጥሮ፣ ሚሊሻ ቆሞበት አገኙት። ሣር የለ፣ ውኃ የለ፤ ከብት ደግሞ ማስታወቂያ አክብሮ እስከ ማክሰኞ አይጾምም። ደግነቱ የባለቤትዎ ወንድም የአቶ ሚፍታህ አዲስ ግቢ ክፍት ነበር፤ ገንዳው በውኃ ተሞልቶ፣ የጭነት መኪኖቹም ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። ከብቱ ሁሉ እሳቸው በቆረጡት ዋጋ ሄደ። እኛ ሐሙስ ብንገዛ ሕገወጥ ንግድ ነው፤ እሳቸው በግቢያቸው ሲገዙ ግን ኢንቨስትመንት ነው ተብለናል። እኛ የቀኑን መቀየር የሰማነው በዚያው ሳምንት ሲሆን፣ ገንዳው የተሠራው ከወር በፊት ነው። ክፉ ማሰቤ አይደለም፤ ነገር ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

ለሦስተኛው ቁጥር መስጠት ይከብደኛል። ሁመድ የሚባል የአፋር ነጋዴ ሃያ ዓመት ከብቶቹን በእኔ በረት አሳድሯል፤ ባሌ የሞተ ጊዜም ለቅሶ ደርሷል። በዚያ ሐሙስ ስምንት ወይፈኖቹን ለአቶ ሚፍታህ አስረክቦ ሲመለስ ደጄ ላይ ቆሞ፣ «ፋኢዛ፣ ታውቂ ነበር?» አለኝ። ወላሂ አላውቅም ብዬ ማልሁ። ፊቱን አዙሮ ሄደ። አፈርሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ባላጠፋሁት አፈርሁ። ከዚያ ወዲህ እሱም ዘመዶቹም ከብቶቻቸውን ወደ ባቲ ገበያ እየነዱ ነው፤ ገመድ ሻጩና ጨው ሻጯም ሱቃቸውን ዘግተዋል። የአካባቢያችንን እድገት ማየት የሚሻ እንግዳ ቢመጣብዎ በቀጥታ ወደ አቶ ሚፍታህ ግቢ ይውሰዱት፤ ሁሉም እዚያ ተጠራቅሟል።

ስለ ልማት በሚናገሩባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ከፊት ተቀምጣ የምታጨበጭብልዎ፣ ባለባዶ በረቷ አክባሪዎ
ፋኢዛ ቃሲም

ማስታወሻ፦ «ፋኢዛ ስለ ቀኑ መቀየር አስቀድማ አታውቅም ነበር» የሚል፣ ማኅተም ያለበት ማስረጃ ለሁመድ እንዲጻፍልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ማን ያውቅ እንደነበር መጻፍ አያስፈልግም፤ ያንን ሁመድ ገንዳውን ያየ ዕለት ደርሶበታል።