ፕሮግራሜ የዋጣቸው ማሙሾች

ሰኞ፣ ኅዳር 1፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ዝርዝሩ ወጣ። ግማሽ ቀን መዝገብ ስገለብጥ የምውልበት ሥራ አሁን ፕሪንተሩ እስኪተፋው ድረስ ብቻ ነው። የሳምንቱ ተከታቢ ሕፃናት፦ ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ፣ የቀጠሮ ቀን። ዙሪያሽ መጥታ ወሰደችው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ዝርዝሩን ይዛ መንደር ለመንደር እናቶችን የምትጠራው እሷ ናት። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። አመሰግናለሁ እንኳ አላለችም። ደስ አለኝ። ለመደችው ማለት ነው።

ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ እስከ ኅዳር 15 ጊዜ ሰጥተውኛል። የዚያን ዕለት የሠራተኛ ስብሰባ አለ። ፕሮግራሙ ይቀጥል ወይስ ወደ መዝገቡ እንመለስ፣ ያኔ ይወሰናል። የካርድ ክፍል ሠራተኛ የሠራችው ፕሮግራም። ስጽፈው ራሴን ይገርመኛል። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርት ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ። ኮድ መጻፍ የተማርኩት የኮምፒውተር ሠልጣኞች ጥለውት ከሄዱት ወረቀት ነው። ጀርባው ባዶ ስለሆነ ለማስታወሻ ይሆናል ተብሎ ካርድ ክፍል መጣ። እኔ ፊቱን አነበብኩት። ከገጽ 14 እስከ 22 የለም። የጎደለውን ከስልክ፣ ከራሔልና ከከማል ለቃቀምኩ። ሁሉን ለቅሜዋለሁ ማለት አልችልም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ከሰዓት

ጁስ ቤት። ሦስታችን። ሶኬት ያለበት ጥግ። ሙቀቱ አይጣል ነው።

ራሔል የወረዳው አይቲ ባለሙያ ናት፣ ከደብረ ታቦር የተመደበች። ከማል የሐይቅ ልጅ ነው፣ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ኮምፒውተር ያስተምራል። ሁለቱም ሠላሳ አልሞላቸውም። እትዬ ይሉኛል።

ራ. ዛሬ ተናዳለች። ጠዋቱን ሙሉ ኮምፒውተሩ ስህተቱ የኮዱ መስመር 60 ላይ ነው ሲላት ዋለ። መስመር 60 ንጹሕ። ጥፋቱ መስመር 11 ላይ ነበር፣ ያልተዘጋ ቅንፍ። ሌባው ገበያ መሃል፣ ፖሊሱ መናኸሪያ፣ አለች። ከ. ደግሞ የተማሪ ውጤት የሚደምርለት ኮድ አለው፤ ለምን እንደሚሠራ ግን አያውቅም። አንድ ቀን ትርፍ የመሰለችውን መስመር ቢያጠፋ ቀጥ አለ። ቢመልሳት ሠራ። ከዚያ ወዲህ ፋይሉን ሲከፍት ቢስሚላህ ይላል። ራ. የፋይሎቿን ስም አሳየችን፦ የመጨረሻ። የመጨረሻ 2። እውነተኛው የመጨረሻ። ይሄን አትንኩ።

ከዚያ ወደ ፊልም። ከ. የሚወደው ሰው የማይናገርበትን ፊልም ነው። አንድ ሽማግሌ ሁለት ሰዓት ሙሉ አጥር ይጠግናል፣ አለቀ። እሱንማ አባቴ ጓሮ በነጻ አየው ነበር አለችው ራ.። እሷ ደግሞ አገር የሚንከባለልበትን ኮሜዲ ትጠላለች፤ ሰው ሲወድቅ አያስቀኝም ትላለች። የምትወደው አስፈሪ ፊልም ነው፣ ያውም ጥርስ ያለው ነገር ካለበት።

“ሲወድቅ ታዝኚለትና ሲበላ ትስቂያለሽ” አላት ከ.።

ተራው የእኔ ሆነ። አላመልጥም። እኔ መጨረሻውን ሳልጠይቅ ፊልም አልጀምርም። ማን እንደሚተርፍ አውቄ ነው የምቀመጠው። ሁለቱም ተነሡብኝ።

“እትዬ ዘኑ፣ እሱ እኮ ፊልም ማየት አይደለም፣ አስከሬን ማረጋገጥ ነው” አለች ራ.።

ማን እንደሚተርፍ ካወቅኩ ፊታቸውን ረጋ ብዬ አየዋለሁ አልኳቸው። ከ. ጁሱን አስቀመጠና፣ ወላሂ ነገር አላት አለ። ራ. አልተቀበለችም። እየተከራከሩ ተለያየን። ዓመቱን ሙሉ ካርድ ክፍል ከምናገረው ዛሬ የተናገርኩት ይበልጣል።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከሥራ በኋላ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት አንዲት እናት ሕፃን አዝላ መጣች። ጎረቤቷ ባለፈው ሳምንት ተጠርታለች፣ እሷ አልተጠራችም። ልጆቹ የተወለዱት በአንድ ሳምንት ነው። ካርዷን አየሁ፦ ማሙሽ መሐመድ። ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ማሙሽ መሐመድ አለ። የጎረቤቷ ልጅ ነው። የእሷ የለም።

ገባኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ፕሮግራሜ ልጅን የሚያውቀው በስሙና በአባቱ ስም ነው። ካርድ የሚወጣላቸው ግን እንደተወለዱ ነው፣ ስም ሳይወጣላቸው። ሙስሊሙ ሰባተኛውን ቀን ይጠብቃል፣ ክርስቲያኑ ክርስትናውን። እኛ ማሙሽ፣ አቡሽ፣ ሚጣ ብለን እንጽፋለን። መሐመድ የሚባል አባት በዚህ ቆላ ስንት ነው። ሁለተኛው ማሙሽ መሐመድ ሲገባ ፕሮግራሙ ያው ልጅ መስሎት በፊተኛው ላይ ይጽፍበታል። ዝም ብሎ። ስህተት አለ እንኳ አይልም።

ሰው ከወጣ በኋላ ከወረቀቱ መዝገብ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ። የዛሬውን ጨምሮ ዘጠኝ ልጆች ጠፍተዋል። የዛሬው ተከትቦ ሄደ። ስምንቱ ቀጠሯቸው አልፏል፣ ማንም አልጠራቸውም።

እኔ ነኝ የሰረዝኳቸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ የምሳ ሰዓት

ለራ. ደወልኩ። መጀመሪያ ሳቀች። ማሙሽ ማሙሽን በላው አለች። ስምንቱ እንዳልተከተቡ ስነግራት አቆመች። ምክሯ፦ በስም ፋንታ በካርድ ቁጥር እንዲያውቃቸው አድርጊ፣ የጠፉትን ከመዝገቡ መልሺ፣ በሚቀጥለው ዝርዝር ይጠራሉ። ማንም አያውቅም። ስብሰባው ስድስት ቀን ቀርቶታል፣ ለምን ራስሽን ታስጠቂያለሽ። ክፋት የላትም። ለእኔ ብላ ነው።

አስተካከልኩት። አራት መስመር። ሁለት ማሙሽ መሐመድ አስገባሁ፣ ሁለት ሆነው ወጡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጨፍር ነበር። ምሳዬን አልበላሁም።

ለከ. ጻፍኩለት። መልሱ ሁለት ቃል፦ ልጆቹስ፣ እትዬ?

የሚቀጥለው ዝርዝር የሚወጣው ሰኞ ነው። አሁን ደግሞ ማሽላ የሚታጨድበት ጊዜ ነው። ሰዉ ማሳና አውድማ ውሎ ያድራል። ዝርዝር ብቻ አያገኛቸውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ለኃላፊያችን ነገርኳቸው።

ቢሯቸው በር ላይ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ። ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። መቼ እንዳወቅሁ ጠየቁኝ። ሰኞ። ዛሬ ረቡዕ ነው አሉ። አዎ አልኩ።

ውሳኔ፦ ዝርዝር እስከ ሰኞ በእጅ ይጻፋል። ነገ ከዙሪያሽ ጋር ወጥቼ ልጆቹን እፈልጋለሁ። ስለ ፕሮግራሙ ስብሰባው ይነጋገርበታል። ለማስረዳቱ ራሔልን ከወረዳ እንጠራለን፣ ባለሙያ ብትናገር ይሻላል አሉ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ይቀናኛል።

ስወጣ ግን ትከሻዬ ቀለለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ማታ

እግሬ አልቋል። አምስት አገኘን።

ጎብዬ ድረስ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ማሽላው ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ቆሟል። ዙሪያሽ መንገዱን ሙሉ ቀለደችብኝ። እኔ ልጅ ስጠራ በስም አይደለም፣ የእንትና በር፣ የእንትና ቀይ በሬ ብዬ ነው፤ ለኮምፒውተርሽ በሬውን አልነገርሽውም? አለችኝ። እውነቷን ነው።

አንዲቱ እናት ነዶ ተሸክማ አገኘናት። የመጣሁበትን ነገርኳት፣ ሳልደብቅ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

“እና ኮምፒውተርሽ ልጄን በላው በይኛ?”

በልቶት ነበር አልኳት። ሳቀች። ከነዶው ጥላ ሥር ልጁን አወጣች፣ ወፍራም፣ አቧራ የለበሰ። መብላቱንስ እሱም ይችላል አለች። አሁን ስሙ ኢብራሂም ነው። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። የሁሉንም ጻፍኩ፦ ኢብራሂም፣ ይታገሱ፣ ሐያት፣ ሙሉቀን፣ ኑሩ። ለካ ሁሉም ስም አላቸው። እኛ ጋ ብቻ ነው ማሙሽ የሆኑት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ከሰዓት

ሚካኤል። ከተማው ሰው በሰው ነው። በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ጭሱ ዓይን ያወጣል። ትናንት የጠራናቸው አምስቱም ጠዋት መጥተው ተከተቡ። ቤታቸው ያጣናቸው ሁለት እናቶችም ለበዓሉ መጥተው ኖሮ ዙሪያሽ መንገድ ላይ ያዘቻቸው። አንዷን ከነጃንጥላዋ እየጎተተች አመጣቻት። ሰባት።

አንዲት ቀረች። ሚጣ አሊ። እናቷ ይዛት ዋጃ ወደ አያቷ ቤት ሄዳለች ይላሉ። ስልኳ አይሠራም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ማታ

ዋጃ ሄድን። ራ. እሄዳለሁ ብላ ድርቅ አለች። ማንም አያውቅም ያልኩሽን እርሺው አለችኝ መናኸሪያው ላይ፣ ዓይኔን ሳታይ። ከ. ጋቢና ገብቶ ስለ ዝምተኛ ፊልሞቹ ለሹፌሩ ማስረዳት ጀመረ። ሹፌሩ፣ ወንድሜ፣ ለእንቅልፍ ከሆነ እኔ እየነዳሁ ነው አለው። ራ. እስከ ዋጃ ሳቀችበት።

የአያቲቱን ቤት አገኘን። አሮጊቷ ብቻቸውን ናቸው። ልጃቸው ሽንኩርት ነቀላ ሄዳለች፣ ሕፃኗን አዝላ፤ የቱ ማሳ እንደሆነ አያውቁም። ሁለት ማሳ ዞርን፣ የለችም። ፀሐይ አዘቀዘቀች። መልእክት ትተን ተመለስን። የምታለቅሰው ጤና ጣቢያችሁ ናት ወይስ አንቺ ነሽ አሉኝ አሮጊቷ ሲሸኙኝ። እያለቀስኩ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። አብሽሪ፣ ኢንሻ አላህ እልካታለሁ አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ምንም ወሬ የለም። ኮዱን ከፍቼ መላልሼ አየሁት። ስም ባዶ ቢሆን ይቀበላል። የካርድ ቁጥር ከሌለ አይቀበልም። ቁጥር ከተደገመ ይጮሃል፤ ይጩህ። ዙሪያሽ ያለችውንም ጨመርኩ፦ “ቤቱ በምን ይታወቃል” የሚል ቦታ።

ከ. ደወለ። አይዞሽ ሊለኝ ነው፤ አፍሮ ስለ ኤሌክትሪክ አወራኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ካርድ ክፍል ነኝ። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

በሩን ስከፍት አግዳሚው ላይ ሴት ተቀምጣለች፣ ጀርባዋ ላይ ሕፃን። በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የመጣችው፣ ጫማዋ ላይ የሽንኩርት ማሳ ጭቃ አለ። እናቴ ካልሄድሽ አላናግርሽም አለችኝ አለች። የልጅቱን ስም ጠየቅኳት። ዘሃራ። ካርዱ ላይ ሚጣን ሰርዤ ዘሃራ ብዬ ጻፍኩ። አሁን ክትባት ክፍል ናት። ጩኸቷ እዚህ ድረስ ይሰማል። ጎበዝ።

ራ. ላፕቶፕ ይዛ ግቢ ገብታለች። ኃላፊው እንድትናገር የጠሯት እሷን ነው። ደህና ትናገራለች። ከስህተቱ ግን አትጀምርም፣ ታዝንልኛለች፤ ከፍጥነቱ ትጀምራለች። ተሰብሳቢውም ያጨበጭባል፣ ወይም አያጨበጭብም።

አይሆንም። አሁን ወጥቼ ነገርኳት። ላፕቶፑን ያዢልኝ፣ ንግግሩን ለእኔ ተይው አልኳት። ላፕቶፑን ክንዷ ሥር አስገባች። ከዚያ እሺ እትዬ አለች።

የንግግሬን መጀመሪያ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ፦

ዘነበች እባላለሁ፣ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ዘጠኝ ልጆች ጠፍተውብኝ ነበር። እንዴት እንደጠፉና አሁን ለምን እንደማይጠፉ ላሳያችሁ

እየጠሩን ነው